በበጋ ግቢ የሚያዘወትሩ ወፎች

ጥያቄ፦ በካዛንቺስ ጠባብ ግቢ ውስጥ በበጋ የትኞቹ ወፎች ይታያሉ? ምን ቢተከልስ ይመጣሉ?

መልስ፦ በበጋ ወራት ካዛንቺስ የሚገኝበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪም እንግዳም ወፎች አሉት። እንግዶቹ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ጅራቷን እየነቀነቀች ሣር ላይ ነፍሳት የምትለቅመው ሆደ ቢጫ ወፍ ከእነዚህ አንዷ ናት።

ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ግን ነዋሪው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራው የአበባ ማር መጣጭ ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል። ቀጭን ቆልማማ ምንቃሩን በእሬትና በራስ ክምር አበባ ውስጥ ይሰካል። እሬት በአሮጌ ባልዲም ይበቅላል። ቦታ ካለ አጋምና ወይራ ቢጨመሩ ፍሬ በል ወፎችም ይመጣሉ። ፀረ ተባይ መርጨት የወፎቹን ምግብ ስለሚያጠፋ ይቅር። ለመመልከት የሚመቸው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው።