ጣታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት

ቤዝ ጊታሩን ገዝታችኋል፤ በኦንላይን የሚያስተምራችሁ መምህርም አግኝታችኋል። ትምህርቱ ግን እንዳሰባችሁት አልሄደም። ድምፁ ውኃ ውኃ ይላል፤ ምቱ ከእጃችሁ ያመልጣል። «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» የሚል ሐሳብ ሰው ልብ ውስጥ ሹልክ ብሎ የሚገባው ይሄኔ ነው። አትስሙት! አንድ ምሽት ልምምዱን ተዉና ዕቃችሁን አስተካክሉ። ስንፍና ወይም ተሰጥኦ ማጣት የመሰላችሁ ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ገመድ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ከጆሮ እንጀምር። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ‹ኢ› የሚባለው፣ ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የላፕቶፕ ትንንሽ ስፒከሮች እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይሆንላቸውም፤ የስልኩንማ ተዉት። ከእነሱ የምትሰሙት ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ ነው። መምህሩ «ክሩን ቶሎ አፍነው» ሲላችሁ ግራ የሚገባችሁ ያልሰማችሁትን እንድታርሙ ስለተጠየቃችሁ ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ያዙ፤ ጎረቤትም በሰላም ይተኛል።

ሄድፎኑ ግን ባለገመድ ይሁን። እዚህ ላይ አልደራደርም። ብሉቱዝ ድምፅን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን የአንዱ ምት ሩብ 125 ሚሊሰከንድ ነው። እናንተ በሰዓቱ መትታችሁ፣ ጆሯችሁ ግን ሩብ ምት ዘግይታችኋል ይላችኋል። ቺክቺካ ላይ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ መግቢያው ይጠፋል። ይህን መዘግየት ወር ሙሉ ብትለማመዱም አታሸንፉትም፤ ገመድ ስትሰኩ ግን በቅጽበት ይለቃችኋል።

ጊታሩን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው ብዙዎቻችን ሳውንድ ካርድ የምንለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መግቢያው ይበቃል። ለጊታር የተዘጋጀውን መግቢያ መምረጥ፣ ወይም ‹ኢንስትሩመንት› የሚለውን ማብሪያ መጫን አትርሱ፤ ያለዚያ ድምፁ ይደበዝዛል። ከዚያ ክሩን በኃይል እየመታችሁ ጌን የሚለውን መቆጣጠሪያ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ አቁሙ። በመቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ በፈር የሚባለውን 128 ላይ አድርጉት፤ በ48 ኪሎሄርዝ ይህ ከ3 ሚሊሰከንድ ያነሰ መዘግየት ነው። ሌሎች መዘግየቶች ቢጨመሩበትም ጣት የሚያሰናክል አይሆንም፤ ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ እንኳ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከኢንተርፌሱ ጋር የሚመጣውን ኤሲዮ ድራይቨር ጫኑ። (በወርቅ የተለበጠ ገመድ ካልገዛችሁ የሚላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ እለፉት።)

አምፕሊፋየር የለንም ብላችሁ ደግሞ እንዳትቆዝሙ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ዲትሮይት በሚገኘው የሞታውን ስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን አብዛኛውን ቤዙን የቀዳው አምፕሊፋየር ሳያስፈልገው፣ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እየሰካ ነው። ዓለም የጨፈረበት ቤዝ እናንተ ዛሬ ማታ በምትሰኩበት መንገድ ከገባ ምን ቀረ?

ዙም ላይ የምትማሩ ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ፕሮግራሙ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ረዘም ያለ የቤዝ ድምፅ የማራገቢያ ጩኸት መስሎት ያፍነዋል። ከድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ‹ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሽያንስ› የሚለውን አብሩ፤ ማይክሮፎኑም ስፒከሩም ኢንተርፌሱ መሆኑን አረጋግጡ። ከመምህሩ ጋር እኩል ለመጫወት ግን አትታገሉ፤ በኢንተርኔቱ መዘግየት አይገጥምም። እሱ ይጫወት፣ እናንተ ስሙ፤ ተራ ያዙ። የሚያጅባችሁን ቅጂ አስቀድሞ እንዲልክላችሁ ጠይቁና በኮምፒዩተራችሁ ላይ አስቀምጡት። አብዛኛው ትንሽ ኢንተርፌስ ኃይሉን ከዩኤስቢ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ቢሄድ፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ትሠራላችሁ።

ሁሉም ሲሰካ የመጀመሪያው ዘፈን ምን ይሁን? የእኔ ምርጫ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ ዋሊያስ ባንድ በፈረንጆቹ 1977 ባወጣው «ቼ በለው» አልበም ውስጥ ያለው። ቤዙን የሚጫወተው መላኩ ገብሬ ነው። በስልክ ስፒከር ስንት ጊዜ ሰምታችሁት ይሆናል፤ አሁን በሄድፎን ክፈቱትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። እየዞረ የሚመለሰውን ሐረግ በቀስታ ያዙ፤ ሜትሮኖሙን ከ60 ጀምሩ፤ ሳትሰናከሉ ስትዘልቁ 5 ጨምሩ። ከዚያ ቅዱት፤ ለአፕል ተጠቃሚዎች ጋራዥባንድ በነጻ አለ። ቅጂው ስክሪኑ ላይ ሲዘረጋ ከምቱ መስመር ቀድማችሁ ይሁን ዘግይታችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ የቀደማችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ፋይሉን ለመምህሩ ላኩለት፤ የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያች ቦታ ይጀምር።