ብርድና የማነጣጠሪያ መነጽር ብሎን

በሰሜን ፊንላንድ የበረዶ ወራት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሲየስ እንግዳ አይደለም። በዚህ ብርድ የአዳኝ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ማስተካከያ ብሎን አልዞር ሊል ይችላል። ስለ ምን?

ሁለት ምክንያቶችን እናገኛለን። አንደኛ፣ በብሎኑ ጥርስ መካከል ያለው ግራሶ ሲቀዘቅዝ ዝልግልግነቱ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቅዝቃዜ አሉሚኒየም የርዝመቱን 23 ሚሊዮንኛ፣ ብረት ግን 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ የአሉሚኒየሙ ቤት የብረቱን ብሎን ያንቃል። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ልዩነቱ ከ4 ማይክሮሜትር ይበልጣል።

በኃይል ብናዞረው ጥርሱ ይበላል። የውስጡም ቱቦ ዘግይቶ ከተከተለ ዒላማው ይሳታል፤ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል። መፍትሔው ጉልበት ሳይሆን፣ ግራሶውን በባለሙያ እጅ ብርድ በማያጠነክረው ቅባት ማስለወጥ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ብሎኑም ከአሉሚኒየም ቢሠራ የትኛው ምክንያት ይቀራል?