ቀንደ ረጅሙ ጥንዚዛና የቆላ ዝንብ

ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳት ብዙ ናቸው። ዛሬ ሁለቱን እናነፃፅራለን። አንደኛው ቀንደ ረጅሙ ጥንዚዛ ነው። ሁለተኛው በዴዴሳ፣ በግቤና በባሮ ሸለቆዎች ከብት የሚፈጀው የቆላ ዝንብ ነው። ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

ጥንዚዛው 4 ክንፍ አለው። የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ ጋሻ ጠንክረው የኋለኞቹን ይሸፍናሉ። ቀንዱም የእውነት ቀንድ አይደለም፤ የሚዳስስበትና የሚያሸትበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአካሉ ይረዝማል። ዝንቡ ግን 2 ክንፍ ብቻ ነው ያለው። ሲያርፍ አንዱን በሌላው ላይ እንደ ተዘጋ መቀስ ይደርበዋል። መውጊያውም ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይታያል። ከቤት ዝንብ በዚህ ለዩት።

ከመልካቸው ይልቅ ይህን ልብ በሉ። ጥንዚዛው እንጨት የሚጎዳው በልጅነቱ ነው፤ ዝንቡ ከብት የሚጎዳው ካደገ በኋላ ነው።

እናት ጥንዚዛ በደከመ ወይም ገና በተቆረጠ ዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው ነጭ ትል ግንዱን እየቦረቦረ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ለቤት የተቆረጠ እንጨት ቅርፊቱ ቶሎ ይላጥ። ጫካ ውስጥ በወደቀ ግንድ ላይ ያለውን ግን ተዉት፤ የሞተው እንጨት አፈር እንዲሆን ይረዳል።

የቆላ ዝንብ ነገር ይገርማል። እንቁላል አትጥልም! አንድ ትል በሆዷ ታሳድግና በየ9 ወይም በየ10 ቀኑ አንድ ብቻ ትወልዳለች፤ እንደ ላም ማለት ነው። ትሉ ጥላ ያለበት ለስላሳ አፈር ውስጥ ይገባል። ቅርፊት ለብሶ 30 ቀን ያህል ይቆይና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ወንዱም ሴቷም ደም ይጠጣሉ። ከታመመ ከብት ወይም ከዱር አውሬ የወሰዱትን ተውሳክ ለጤነኛው በሬ ያስተላልፋሉ። በሬው ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ቀንበር ያቅተዋል። ላሟም ልትጨነግፍ ትችላለች። በእርሻ ወራት በሬ ተኛ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ምልክቱን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ያሳይ።

ዝንቧ ጥቂት ስለምትወልድ ቁጥሯን መቀነስ ይቻላል። ሰማያዊ ቀለም ይስባታል፤ ጥቁር ላይ ታርፋለች። ለዚህ ነው ወጥመዱ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ተሠርቶ በወንዝ ዳር የሚሰቀለው። ጨርቁን አይቶ ለልብስ የሚመኝ አይጠፋም። መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ ለልጆችም ንገሩ።