የብሪታንያ ፓስፖርት ይዞ ጣሊያን ውስጥ ቤት መግዛት፦ ከመፈረም በፊት

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ለንደን የምንኖር የብሪታንያ ዜጎች ነን። ጡረታችን ተቃርቧል። ኡምብሪያ ገጠር ውስጥ የወይራ ዛፎች ያሉት ቤት አይተን ወደነዋል። ደላላው የግዢ ሐሳብ ፈርመን ቀብድ እንድንከፍል እያጣደፈን ነው። ቤቱን ከገዛን የፈለግነውን ያህል መቀመጥ እንችላለን? ምንስ እንጠንቀቅ?

መልስ፦ መግዛቱን ትችላላችሁ። የጣሊያን ሕግ ለውጭ አገር ሰው ይህን መብት የሚሰጠው የሰውየው አገር ለጣሊያናውያን ተመሳሳይ መብት ከሰጠ ነው፤ ብሪታንያ ደግሞ ጣሊያናውያን ቤት እንዳይገዙ አትከለክልም። የፈለጋችሁትን ያህል መቀመጥ ግን አትችሉም። የባለቤትነት ሰነድ የመኖሪያ ፈቃድ አይሆንም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የተሰጠው የሽግግር ጊዜ በ2020 ዲሴምበር 31 ካበቃ ወዲህ የብሪታንያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ በሸንገን አገሮች የሚቆየው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በሕግ ጣሊያን ይኖሩ የነበሩ ብሪታንያውያን መብታቸው በመውጫ ስምምነቱ ተጠብቆላቸዋል፤ እናንተን ግን ይህ አይመለከታችሁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቆጠራው ላይ ነው። 90ው ቀን አዲስ ዓመት ሲገባ አይታደስም፤ ወጥቶ በመመለስም አይታደስም። በእያንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ 180 ቀን እየተቆጠረ፣ በዚያ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆያችሁ ይታያል። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይታሰባል። ጁን 1 ገብታችሁ ኦገስት 29 ብትወጡ 90ው ቀን አለቀ፤ እንደገና መግባት የምትችሉት ከኖቬምበር 28 ጀምሮ ነው። ወይራው የሚለቀመው ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ስለዚህ ሰመሩን በሙሉ እዚያ ያሳለፈ ሰው የራሱን ወይራ መልቀም አይችልም። ፍራንክፈርት ለሠርግ፣ ስቶክሆልም ለክርስትና የሄዳችሁባቸው ቀናትም ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ። በ2025 ኦክቶበር 12 ሥራ የጀመረው የድንበር መመዝገቢያ ሥርዓት አሻራና ፎቶ ወስዶ ቀኑን ራሱ ስለሚቆጥር፣ ማኅተሙ ደብዝዞ ይታለፍልኛል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። የፓስፖርታችሁንም ቀን እዩ፤ በምትገቡበት ዕለት ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከምትወጡበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ ከፈለጋችሁ መንገዱ ቪዛ ነው። ለጡረተኛ የሚስማማው «ሬዚዴንጻ ኤሌቲቫ» የሚባለው ነው፤ ማመልከቻው ከመጓዛችሁ በፊት ብሪታንያ ባለ የጣሊያን ቆንስላ ይቀርባል። ለአንድ ሰው በዓመት ከ31,000 ዩሮ በላይ፣ ሳይሠሩ የሚገኝ ገቢ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ጡረታ፣ የቤት ኪራይ፣ የአክሲዮን ትርፍ ይቆጠራል፤ ደመወዝ አይቆጠርም። በዚህ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው፣ እቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር ለለንደን መሥሪያ ቤት መሥራትም ቢሆን። ጣሊያን በደረሳችሁ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ከኖራችሁ የግብር ነዋሪነታችሁም ወደ ጣሊያን ይዞራልና ከውሳኔው በፊት ሁለቱንም አገር የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ አማክሩ።

አሁን ወደ ቀብዱ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ደላላው ያቀረበላችሁ «ፕሮፖስታ» ተራ ቅጽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እናንተ ፈርማችሁ ሻጩ መቀበሉን ካሳወቃችሁ አስገዳጅ ውል ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ገዢ ቀብዱን ትቶ፣ ሻጭም እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት እንደሚችል ብዙዎቻችን እናውቃለን። በጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1385 ያለው ቀብድ፣ «ካፓራ ኮንፌርማቶሪያ»፣ በመጀመሪያ ሲታይ ያንኑ ይመስላል። ልዩነቱ ምርጫው ውሉን ያከበረው ወገን መሆኑ ነው። እናንተ ብታፈገፍጉ ሻጩ ቀብዱን ወስዶ መለያየት ይችላል፤ ካልፈለገ ግን ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉ እንዲፈጸም ወይም ሙሉ ኪሣራ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ስለዚህ «ቢበዛ ቀብዴን ባጣ ነው» እያላችሁ አትፈርሙ።

ውሉ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን አድርጉ። አንደኛው ቅድመ ሁኔታ የቤቱ ፕላን በካዳስተር (በመንግሥት የቤትና የመሬት መዝገብ) ከተመዘገበውና በማዘጋጃ ቤት ከተፈቀደው ጋር መስማማቱ ነው። የገጠር ቤት ላይ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ማግኘት የተለመደ ስለሆነ፣ ሻጩ ያልመረጠው «ጆሜትራ»፣ የቤትና የመሬት መለኪያ ባለሙያ፣ ይመርምረው። ሁለተኛው መሬቱን ይመለከታል። የእርሻ መሬት ከሆነ አጎራባቹ ገበሬ የቀዳሚነት መብት ሊኖረው ይችላል። ሻጩ ሲያስታውቀው በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ዋጋ ልግዛ ማለት ይችላል፤ ሳይነገረው ከተሸጠ ደግሞ ሽያጩ ከተመዘገበ በኋላ ለአንድ ዓመት መሬቱን ከእናንተ የመውሰድ መብት አለው። ይህን ሳይጣራ የፈረመ ሰው ቤቱን ይዞ ወይራውን ሊያጣ ይችላል። የመጨረሻውን ውል የሚያጸድቀው ኖታዮ ገለልተኛ የሕዝብ ባለሥልጣን ነው፤ ብትከፍሉትም የእናንተ ጠበቃ አይደለም። የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ።

ግብሩም ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ ነው። ቤት ከግለሰብ ሲገዛ የምዝገባ ግብሩ ከካዳስተር ዋጋው 9 በመቶ ነው። ወደ 2 በመቶ የሚወርደው በ18 ወር ውስጥ ነዋሪነታችሁን ወደዚያ ማዘጋጃ ቤት ለምታዛውሩ ነው፤ ቪዛ ከሌላችሁ ይህ አይሳካላችሁም። ከዚያ በኋላም ነዋሪነታችሁ እዚያ ካልሆነ «ኢሙ» የተባለው የንብረት ግብር በየዓመቱ ጁን 16 እና ዲሴምበር 16 ይከፈላል።

ቤቱ የእናንተ ከሆነ በኋላ የሚዘነጋ አንድ ግዴታ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ ሰው ስታስተናግዱ፣ ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው የፖሊስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ዛሬ የብሪታንያ ዜጋ ልጃችሁም ከዚህ ይመደባል። ካላሳወቃችሁ ከ160 እስከ 1,100 ዩሮ ቅጣት አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ከለንደን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ንጥር ቅቤና ቋንጣም በሻንጣ አታስገቡ፤ ከብሪታንያ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ተከልክሏል።

በመጨረሻ ኑዛዜ። ለንደን እየኖራችሁ አንዳችሁ ብትሞቱ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 650/2012 ወደ እንግሊዝ ሕግ ይመራል። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለበት አገር ሕግ ይዳኝ ብሎ ቤቱን ለጣሊያን ይመልሰዋል። የጣሊያን ሕግ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ድርሻ ያስቀምጣል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው በነፃነት የሚናዘዘው ሩቡን ብቻ ነው። «ቤቱ በሙሉ ለባለቤቴ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ልጆቹ፣ በተለይ ከቀድሞ ጋብቻ የተወለዱ፣ መክሰስ ይችላሉ። መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ውርሴ በዜግነቴ አገር፣ በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ይዳኝ ብላችሁ በኑዛዜያችሁ ምረጡ። ደንቡ ይህን ምርጫ ያከብራል። ቤቱን ከገዛችሁ ሳትዘገዩ ሁለታችሁም ይህን ጻፉ፤ እስከዚያው ግን የደላላውን ወረቀት ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።