ማሽኑ ይበውዝ፣ ሰው ይማከር
ለወጣት ጨዋታ ሠሪ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ተባብረው የሚጫወቱትን፣ በየዙሩም ካርታ እየጨመሩ ክምራቸውን የሚያጠነክሩበትን የጠረጴዛ ጨዋታ ወደ ስልክ ማምጣት እንደምትፈልጊ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የጫግኒ ልጅ ሌላው የሠራውን ከመጫወት አልፋ ራሷ ልትሠራ ስትነሣ ዝም ብሎ ማየት አይገባም። ዕድሜዬን ሒሳብ በማስተማር ስላሳለፍኩና የካርታና የጠጠር ጨዋታ ስለምወድ፣ ያሰብኩትን በቁጥር ለይቼ ጽፌልሻለሁ። እንዳንቺ ለተነሡ ወጣቶችም ይሁን።

1. መነሻውን እወቂ።

ተጫዋቹ በጥቂት ደካማ ካርታዎች ጀምሮ በየተራው የተሻለ እየገዛ የሚሄድበትን መንገድ በዓለም ያስፋፋው በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የዶናልድ ኤክስ. ቫካሪኖ «ዶሚኒየን» ነው። እያንዳንዱ ሰው 10 ካርታ ይዞ ይነሣል፤ 7ቱ የመዳብ ገንዘብ፣ 3ቱ ትንንሽ ርስቶች ናቸው። በየተራው 5 ይስባል። ይህ ግን የፉክክር ጨዋታ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የማት ሊኮክ «ፓንዴሚክ» ደግሞ ተጫዋቾቹን በአንድ ወገን አሰልፎ 4 ወረርሽኞችን ያዋጋቸዋል፤ ወይ ሁሉም ያሸንፋሉ፣ ወይ ሁሉም ይሸነፋሉ።

የሁለቱ ሐሳብ ከተጋባባቸው መካከል በደንብ እንድታጠኚው የምመክርሽ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኬቪን ራይሊን «ኢዮንስ ኤንድ» ነው። እስከ 4 ሰው ሆነው ግሬቭሆልድ የተባለችን ከተማ ከጭራቅ ይከላከላሉ። በዚህ ጨዋታ የተጫዋቹ ክምር ሲያልቅ አይበወዝም፤ የተጣሉት ካርታዎች በተጣሉበት ቅደም ተከተል ተገልብጠው ይመለሳሉ። ስለዚህ ዛሬ ካርታ የምትጥዪበት ቅደም ተከተል የነገ እጅሽን ይወስናል። የሚበወዘው የማን ተራ እንደሆነ የሚወስነው ካርታ ነው፦ 6 ናቸው፤ 4ቱ የተጫዋቾች፣ 2ቱ የጠላት። ጠላት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ነገር ፈጽሞ የታወቀ፣ ሌላው ቅደም ተከተሉ ያልታወቀ ነውና ሰዎቹ ሳይማከሩ መጫወት አይችሉም። ጥሩ ሕግ የሚባለው እንዲህ ሰውን ወደ ምክክር የሚገፋ ነው።

2. በወረቀት ጀምሪ።

ኮድ ከመጻፍሽ በፊት ካርቶን ቆርጠሽ፣ በስክሪብቶ ጽፈሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ተጫወቺ። ወረቀት ላይ አንድ ሕግ ሰርዞ ሌላ መጻፍ የአፍታ ሥራ ነው፤ ኮድ ላይ ግን የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል። ሲጫወቱ አንቺ አትናገሪ፤ ተመልከቺ። የት ላይ ግራ እንደገባቸው፣ የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው እንደተጠጉ ጻፊ።

የእኛ አገር እረኞች ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ይጫወታሉ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ ብዙ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። ያ ሁሉ ዓይነት ያለ ማሽን የቆየው ሕጉ ጥሩ ስለሆነና የሚጫወቱት ሰዎች ስላሉ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ያለው የጨዋታ ሠሪ ድርጅት ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል። ያንን ተጫወቺና የሜዳው ገበጣ ምኑ እንደተጠበቀ፣ ምኑ እንደጎደለ ለይተሽ ጻፊ። ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አልሰጥሽም።

3. ማሽኑ ሥራውን ይውሰድ፤ ምክክሩን አይውሰድ።

የምክሬ ሁሉ ልብ ይህ ነው። የጠረጴዛ ጨዋታ ብዙ አድካሚ ሥራ አለው፦ መደርደር፣ መበወዝ፣ ነጥብ መቁጠር፣ ሕግ ፍለጋ መጽሐፍ ማገላበጥ። ይህን ሁሉ ለስልኩ ስጪው። አይሳሳትም፣ አይሰለችም። «ኢዮንስ ኤንድ»ን ወደ ዲጂታል ያመጣው የሃንደላብራ ጌምስ ኩባንያ ሥራም ይኸው ነው።

ነገር ግን ሰው በእጁ ሲቆጥር የነበረውን ማሽን ሲቆጥርለት፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባው ነገር ያልፍበታል። ጠላት መታን፤ ስንት? በየትኛው ካርታ? ለምን አሁን? ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ብቻ ከቀነሰ ተጫዋቹ ተመልካች ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያሳይ መዝገብ አስቀምጪ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ካርታ ሲነካ ምን እንደሚሠራ በግልጽ አማርኛ ይናገር። ሦስተኛ፣ ከጠላት ተራ በፊት ጨዋታው ቆም ብሎ ሰዎቹን ይጠብቅ፤ ሰዓት እየቆጠረ አያዋክባቸው።

ወደ ኋላ የመመለሻ ቁልፍም አስቢበት። በስሕተት የተነካን ነገር መመለስ ተገቢ ነው። አዲስ ካርታ ከተሳበ በኋላ ግን መመለስ አይፈቀድ፤ ያልታወቀውን አይቶ የሚመለስ ሰው መምከሩን ትቶ መሞከሩን ይይዛል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። «ስሌይ ዘ ስፓየር» የተባለው የካርታ ጨዋታ መጀመሪያ የተወለደው በኮምፒውተር ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሙሉው ሲወጣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ነበር። በኋላ ወደ ጠረጴዛ ሲመጣ ግን እስከ 4 ሰው ተባብረው የሚጫወቱት ሆነ። ብቻውን የነበረው ጨዋታ ሰው የተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ መተባበርን ጨመረ። አንቺ በተቃራኒው መንገድ፣ ከጠረጴዛ ወደ ስልክ ስትሄጂ ያንን እንዳትጥዪው።

4. አንድ ሰው ሁሉን እንዳያዝዝ አድርጊ።

የትብብር ጨዋታ ትልቁ በሽታ ይህ ነው፦ አንዱ ጎበዝ «አንተ ይህን ጣል፣ አንቺ ያንን ግዢ» እያለ ሌሎቹን እጅና እግር ብቻ ያደርጋቸዋል። ስልክ ላይ ሁሉም ካርታ ለሁሉም ከታየ በሽታው ይብሳል። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይደመጥ ፍርድ አይሰጡም፤ ጨዋታሽም እንዲሁ እያንዳንዱን ሰው ሳይሰማ የማይሄድ ይሁን።

መንገዱ አለ። አንቷን ባውዛ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሃናቢ» ተጫዋቹ የራሱን ካርታ አያይም፤ የሚያዩለት ባልንጀሮቹ ናቸው፤ የሚሰጡት ፍንጭም የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ማንም ብቻውን አለቃ መሆን አይችልም። ይህን ሐሳብ ስልክ በቀላሉ ይሠራዋል፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ብቻ ማሳየት ወይም መደበቅ ለማሽን ቀላል ነው። ከሁሉ ትንሹ ልጅ የያዘው ካርታ ሳይወጣ ድል የማይገኝበት ጊዜም ይኑር። ያን ጊዜ ታላቁ ታናሹን መጠየቅ ይማራል።

5. የቤትሽን ጉዳይ ጨዋታ አድርጊው።

ጭራቅና ጠንቋይ ከውጭ መዋስ አያስፈልግሽም። በቆሎ በሚዘራበት አገር ተወልደሽ ጠላት አጣሁ አትዪም። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎን ሲያጠቃ፣ ገበሬው በየማሳው ወጥቶ ትሉን በእጁ እየለቀመ ተዋግቶታል። ይህ ራሱ የትብብር ጨዋታ ነው። ተምቹ በየዙሩ ከማሳ ወደ ማሳ ይዛመታል፤ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ማሳ አላቸው፤ ያንዱ ማሳ ከተተወ የሁሉም ይጠፋል።

ካርታ የመሰብሰቡን ሕግ ደግሞ ከወንፈል ውሰጂ። በወንፈል ዛሬ ለአንተ የሠራሁልህን ቀን ነገ ትመልስልኛለህ። እንግዲህ አንዷ ተጫዋች ጠንካራ ካርታዋን ለባልንጀራዋ ትስጥ፤ ካርታው በእርሱ ክምር ውስጥ ሠርቶ ሲያበቃ ወደ እርሷ ይመለስ፣ ከእርሱም አንድ የሥራ ቀን ካርታ ይዞላት ይምጣ። ደቦ ደግሞ ሁሉም በአንድ ዙር አንዱ ማሳ ላይ የሚዘምቱበት፣ ነገር ግን ባለማሳውን ብዙ እህል የሚያስወጣ ካርታ ይሁን። ድግስ ያለ ወጪ አይደረግምና። በዚህ መንገድ የሠራሽው ጨዋታ ከውጭ የተቀዳ አይመስልም፤ አያትሽም ሕጉ ሲነገራቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

6. ጠላት ስትመርጪ ሰውን አትምረጪ።

በ2017 እ.ኤ.አ. አር. ኤሪክ ሩስ «ስፒሪት አይላንድ»ን ሲያወጣ፣ ደሴት የሚወሩ ሰፋሪዎችን ጠላት፣ የደሴቷን መናፍስት ተጫዋች አድርጎ የለመድነውን የቅኝ ግዛት ጨዋታ ገለበጠው። ጨዋታ በማን ዓይን እንደሚያይ ትልቅ ነገር መሆኑን ከዚያ ተማሪ። ነገር ግን የእኛ ቦታ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫግኒ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖችን በራንች መጠለያ ተቀብላለች። የዚያን ጊዜ ለቅሶ የሚያስታውሱ ሰዎች ጨዋታሽን ይከፍታሉ። ከጎረቤት ሕዝብ ማንንም የሚመስል ጠላት አትሳዪ። ተምች፣ ጎርፍ፣ በረዶ፣ ድርቅ፣ ወረርሽኝ ይበቃሉ፤ እነዚህ የሁላችንም ጠላቶች ናቸው።

7. እዚህ ላለው ስልክና መስመር ሥሪ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ጨዋታ ለእኛ ሰው ግማሽ ጨዋታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድን ስልክ እየተቀባበሉ የሚጫወቱበትን መንገድ ሥሪ፤ ተራው ሲደርስ ስክሪኑ ባለተራውን በስም ጠርቶ ካርታውን ይክፈትለት። እንዲህ ሲሆን ሰዎቹ አንድ ቦታ ተቀምጠው ስለሚጫወቱ ምክክሩም ይጠበቃል። መጠኑን አሳንሺ፤ ያለ ኢንተርኔት በዜንደር፣ ኢንተርኔት ሲኖር በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገር ይሁን። ድሮ በተገዛ፣ ትንሽ ሜሞሪ ባለው ስልክ ላይ ሳትፈትሺ አታውጪው።

መሣሪያው በነጻ አለ። ጎዶ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ በደካማ ኮምፒውተርም ይሠራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ ትምህርት በነጻ የሚሰጥበት ነው፤ ምዝገባው ክፍት ከሆነ ተመዝገቢ። ለፊደል እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት አብረሽ ጫኚ፤ አለዚያ አንዳንድ ስልክ ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ይታያል። ጽሑፉን ከኮዱ ለይተሽ በአንድ ፋይል ካስቀመጥሽ፣ አማርኛው ባለበት አውንጊውን መጨመር ይቀልሻል። የአገው ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚጫወቱት ጨዋታ ይገባቸዋል።

8. ሕግ አክብሪ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ አሠራርንና ዘዴን አይጠብቅም፤ የተጻፈውንና የተሣለውን ሥራ ግን ይጠብቃል። ስለዚህ ክምር ያለመበወዝን ዘዴ መማር ትችያለሽ። የሌላውን ካርታ ሥዕል፣ የሕግ መጽሐፉን ቃልና ስሙን ግን አትንኪ። አንድን ጨዋታ እንዳለ ወደ ስልክ ማምጣት ከፈለግሽ ከባለቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቂ። ሥዕል የሚሥልልሽ ጓደኛ ካለም ድርሻውን ከመጀመሪያው ጻፉና ተፈራረሙ።

9. ቁማር አይግባበት።

ያልታየ ሣጥን በገንዘብ እየገዙ ዕድል የሚሞክሩበትን ነገር በጨዋታሽ ውስጥ አታስገቢ። የውርርድ ቤት የወጣቱን ኪስ እያራቆተ ባለበት ጊዜ አንቺ ሌላ በር አትክፈቺ። አንዴ በትንሽ ዋጋ ተገዝቶ ሙሉውን የሚሰጥ ይሁን። ሽንፈትም የጋራ ይሁን፤ ሲሸነፉ ስክሪኑ ጥፋተኛ አይጠቁም፣ «የት ላይ ተሳሳትን?» ብለው እንዲነጋገሩ ያለፈውን ዙር ያሳያቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሽንፈትም ተካፍለው ሲሸከሙት ይቀላል።

ልጄ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ካርቶኑን ቁረጪ። ሦስት ሰው ሰብስቢ፤ አንዱ ካንቺ የሚያንስ፣ አንዱ የሚበልጥ፣ አንዱ ጨዋታ የማይወድ ይሁን። የማይወደው ሰው ሳያስበው ምክር መስጠት ከጀመረ ሕግሽ ጥሩ ነውና ወደ ኮድ እለፊ። ካልጀመረ ወረቀቱን እንደገና ጻፊ። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፤ ሥራሽንም ለፍጻሜ ያብቃልሽ።