የልጅዎን ካርድ ያንብቡ

በባቲ የሰኞ ገበያ ማሽላ ሻጩ «አንድ ቁና» ቢል ገዢው ዝም ብሎ አይከፍልም። «በየትኛው ቁና?» ብሎ ይጠይቃል። የአንዱ ቁና ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ ነውና። የትምህርት ውጤትም እንዲሁ ነው።

ከከሚሴና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። አባት በሬውን ሸጦ ልጁን ይልካል። የውጭ አገር አሠሪ የትምህርት ማስረጃ ሲጠይቅ ወረቀቱን የሚያነበው በራሱ አገር ቁና ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አስቀድመን እንይ።

አንደኛ፣ ነጥቡ። በእኛ ትምህርት ቤቶች ውጤት ከ100 ይሰጣል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ትልቁ ነጥብ 4 ነው። በፈረንሳይ ከ20 ይታረማል። በጀርመን ግን ከሁሉ የሚበልጠው 1 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውጤቱ ይወርዳል። 3.6 ያገኘች ጎበዝ ልጅ «3.6» ብላ ብቻ ብትጽፍ እዚያ ደካማ ትመስላለች። «ከ4 ነጥብ 3.6» ብላ ትጻፍ። ነጥቡን በግምት ወደ ሌላ አገር ቁጥር አንለውጥ። እንዳለ ጽፈን ከስንት እንደሆነ እናስረዳ።

ሁለተኛ፣ ዓመተ ምሕረቱ። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። በሐምሌ 2010 ትምህርቱን የጨረሰ ሰው በእነርሱ የጨረሰው በ2018 ነው። ይህ ካልተገለጸ 8 ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ስሙ። «መሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። በፓስፖርቱና በማስረጃው ላይ ካልተመሳሰለ «የሌላ ሰው ወረቀት ነው» ያሰኛል።

በዞናችን ልጆች በኦሮምኛም ይማራሉ። ማስረጃው በአገር ቋንቋ ከሆነ በታወቀ ተርጓሚ ይተርጎም። ብዙ አገሮች ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማኅተምና የኤምባሲያቸውን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ዋናው ወረቀት ከእጃችን አይውጣ፤ ለደላላ ኮፒው ይበቃዋል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። አሁን የሚጠየቀውን ከደላላ ሳይሆን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጠይቅ። ደላላው «ካርድ አሠራላችኋለሁ» ቢል እንቢ እንበል። ሐሰተኛ ወረቀት የተያዘ ቀን በሬውም ሄደ፣ ሥራውም ቀረ፣ ልጅቷም ተከሰሰች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

እኛ ተማሪዎችም ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እናንተ ግን ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። የልጃችሁን ካርድ ከሣጥን አውጡና ራሳችሁ አንብቡት።

ጥያቄ
1. «3.6» ብሎ ብቻ መጻፍ ምን ጉዳት አለው?
2. በልጅዎ ካርድ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች ስንት ነው?
3. ዋናውን ወረቀት ለደላላ መስጠት ለምን አይገባም?