ኩበት ወይስ ብስባሽ፦ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ለገብስ ማሳ የሚገባውን ማዳበሪያ የመቀነስ ስሌት

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ አንኮበር ተራሮች ድረስ ባለው ደጋ፣ ገብሱ የሚሻው ናይትሮጅንና ምድጃው የሚሻው ማገዶ የሚወጡት ከአንድ በረት ነው። ስለዚህ ብስባሽ የፋብሪካ ማዳበሪያን ምን ያህል ሊተካ ይችላል የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ የአፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ዩሪያና ኤንፒኤስን የምታስገባው ከውጭ አገር በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ገበያ ዋጋ ሲንር ጫናው እስከ ገበሬው ማሳ ደርሷል።

የአፈሩ ድህነት ግን ከፋብሪካ ማዳበሪያ መምጣት በፊትም የታወቀ ነው። የደጋው ገበሬ ጦም ያደረን መሬት አርሶ፣ ጓሉን ከምሮ፣ ከሥሩ ኩበት አድርጎ በዝግታ ያጋየው ነበር። ይህን ልማድ ሳህለመድኅን ሰርጹና ፔድሮ ሳንቼዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት መርምረውታል። ሙቀቱ አሞንየምና ፎስፈረስን ለሥሩ ቅርብ ያደርጋል፤ የሸክላውንም ደቃቅ ቅንጣት አጣብቆ ስለሚያሻክረው ውሃ የሚቋጥረው መሬት ይጠነፈፋል። በአንጻሩ የአፈሩ ብስባሽ አካል ይነዳል። ገብሱ ለጥቂት ዓመታት ካማረ በኋላ መሬቱ እንደገና ለረጅም ጊዜ ጦም ማደር ይኖርበታል። ይዞታ በጠበበበት ዘመን ይህ ዕረፍት ከየት ይመጣል?

በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የተለመደው ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎግራም ዳፕና 100 ኪሎግራም ዩሪያ ነበር። ይህም 64 ኪሎግራም ናይትሮጅን ማለት ነው። ደረቅ ብስባሽ 1 በመቶ ናይትሮጅን ቢይዝና በመጀመሪያው ዓመት ሩቡን ብቻ ቢለቅ፣ ከ64ቱ ግማሹን ለመተካት 128 ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ አገርኛ ከብት በቀን ወደ 3 ኪሎግራም ደረቅ ፋንድያ ይጥላል ብለን ብናስብ፣ አራት ከብቶች በዓመት ከ40 ኩንታል ብዙም አያልፉም፤ ከዚህም ግማሹ በግጦሽ ላይ ይቀራል። በረት ውስጥ የተገኘው 20 ኩንታል ከገለባና ከአረም ጋር ተደባልቆ፣ በመበስበስ የሚጠፋው ተቀንሶ፣ ያንኑ ያህል ብስባሽ ቢሰጥ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ናይትሮጅን 5 ኪሎግራም ነው። ይህ በሙሉ ሄክታር ላይ ቢበተን ከ12 ኪሎግራም ያነሰ ዩሪያን ይተካል፤ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሩብ ሄክታር ላይ ቢጠራቀም ግን ለዚያ ቁራሽ ከሚያስፈልገው 16 ኪሎግራም ሲሶውን ገደማ ይሸፍናል። የቀረው ናይትሮጅን በየዓመቱ በጥቂቱ ስለሚለቀቅ፣ በዚያው ቁራሽ ላይ ደጋግሞ የሚጨምር ሰው እየቆየ የተሻለ ይቀንሳል። ስለዚህ ብስባሹን ማሳው ሁሉ እንዲደርሰው ከማሳሳት ቁራሽ መርጦ ማጥገብ ይሻላል።

ስሌቱ የሚፈርሰው ፋንድያው ኩበት ሆኖ ሲጠፈጠፍ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ቀላል አይደለም፤ ኩበትም ከቤት አልፎ በገበያ የሚሸጥ፣ በተለይ ለሴቶች የእጅ ገንዘብ የሚያስገኝ ሸቀጥ ነው። ሲነድ ናይትሮጅኑና ድኙ በጢስ ይሄዳሉ፤ ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ በአመድ ይቀራሉ። አመዱ በጓሮ ስለሚደፋ የጓሮ መሬት ሲደልብ የሩቁ ማሳ ይከሳል። ኬኔት ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ኢትዮጵያ ባቀረቡት ጽሑፍ የገጠር ደን ልማትን የደገፉት በዚሁ ምክንያት ነበር፦ እንጨት ከተገኘ ፋንድያው ወደ እርሻ ይመለሳል። በእርግጥ ባሕር ዛፍ ከማሳ ዳር ሲተከል ከሰብሉ ጋር ውሃና ምግብ ይሻማል፤ ቦታው ለእርሻ የማይመች ተዳፋት ነው።

ቅዝቃዜው ማብላላቱንም ያዘገያል። አረም ለምለም በሆነበት በነሐሴና በመስከረም የተጀመረ ክምር ለሰኔ ዘር በቂ ጊዜ ያገኛል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የተጀመረ ግን ሊዘገይ ይችላል። ክምሩ ወፍራም ቢሆንና በገለባ ቢሸፈን ሙቀቱን ይይዛል። የገብስ ገለባ ብቻውን ናይትሮጅን ስለሚያንሰው፣ ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ቢገባ ተዋህስያኑ ለራሳቸው የሚሆነውን ከአፈሩ ይሻማሉና ቡቃያው ይገረጣል።

ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ደግሞ ማጠንፈፉ ይቀድማል። ካልተጠነፈፈ ናይትሮጅኑ፣ ከብስባሽም ይምጣ ከዩሪያ፣ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል።

ባቄላን ከገብስ ጋር ማፈራረቅ ከብስባሹ ሸክም ያቃልላል፤ ሆኖም ቆርምድ የተባለው የባቄላ በሽታ በሰሜን ሸዋ ከተስፋፋ ወዲህ ይህን ልማድ አዳክሞታል። ለቢራ ብቅል በሚዘራ ገብስም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ዘግይቶ የሚለቀቅ ናይትሮጅን የፍሬውን ፕሮቲን ከፍ ያደርጋል፤ ከ12 በመቶ ካለፈም ለብቅል ተፈላጊነቱ ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉ ይህ ለአካባቢው ገበሬ የዋጋ ጉዳይ ነው። የጠገበው ቁራሽ ለምግብ ገብስ፣ በልክ ዩሪያ የሚያገኘው ለብቅል ገብስ ቢለይ ሁለቱም ገበያቸውን አያጡም።